ይሉኝታ የሚነዳው ኮሮላ

አባቴን መኪና መንዳት እንዲተው ለማሳመን አንድ ዓመት ሙሉ ለፍቻለሁ። ለፍቻለሁ ስል ቀልዴን አይደለም። እዚህ በስደት በምንኖርበት አገር፣ እንግልውድ ከተማ ውስጥ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ እምቢ ያለ ሰው ሲገኝ የሚጠሩት እኔን ነው። መድኃኒት አልውጥም ያለውን አስውጣለሁ፤ ገላዬን አልታጠብም ያለችውን አሳጥባለሁ፤ ልጆቹን አኩርፎ ስልክ የማያነሳውን አስነሳለሁ። የሥራ ጓደኞቼ «አንቺ እኮ ድንጋይ ታናግሪያለሽ» ይሉኛል። ቤት ስገባ ግን አንድ የሰባ ስምንት ዓመት ሰውዬ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እሱ ፊት የእኔ ምላስ ሳንቲም አያወጣም።

ችግሩ ዓይኑ ነው። ግላኮማ አለበት። ፊት ለፊቱ ያስቀመጡለትን ደቃቅ ጽሑፍ ያለ መነጽር ያነባል፤ ከጎኑ የቆመውን ሰው ግን አያየውም። ሐኪሙ መንዳቱን ቢያቆም እንደሚሻል ነግሮት ነበር። ያ ምክር ከክሊኒኩ ተነስቶ ቤታችን እስኪደርስ «ተጠንቅቀህ ንዳ አለኝ» ሆኗል። የመንጃ ፈቃዱ ጊዜም ገና አላለፈም። ስለዚህ በእሱ ቤት ሐኪሙም ሕጉም ከእሱ ጋር ናቸው።

ደግሞ ለራሱ ብቻ ቢነዳ ኖሮ አንድ ነገር ነው። አባቴ በዚያች በብርማ ኮሮላው ሦስት ሽማግሌዎችን ያመላልሳል። አንደኛው ግሌንዴል የሚኖሩ፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው እንደ እኛው ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ፤ በዘመናቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ሦስተኛው እዚያው ጎረቤታቸው ያሉ፣ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሦስቱም መኪና የላቸውም፤ ልጆቻቸው ደግሞ ቀን ከሌት ሥራ ላይ ናቸው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአዘቦት ሐኪም ቤት፣ ዓርብ ሃቫና መንገድ ላይ ካለው የአበሻ ሱቅ፣ አባቴ ነው ወሳጃቸው፣ አባቴ ነው መላሻቸው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰው የሚጠብቀው በዚህ ሥራው ብቻ ነው። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩም ነው የምጨቀጭቀው።

ነገሩ የከረረብኝ ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ነው። የእኔ መኪና ጋራዥ ገብታ ስለነበር ከእነሱ ጋር ተሳፈርኩ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ከጎን ወደ ማቋረጫው ገባች። አባቴ አላያትም። እኔ እሪ አልኩ። ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ሁላችንንም ወደ ፊት ወርውሮ ቆመ። ሴትዮዋ እጇን ኮፈኑ ላይ አድርጋ ለአፍታ አየችንና ጋሪዋን እየገፋች ሄደች።

«ምን ያስጮህሻል? አይቻታለሁ» አለኝ አባቴ።

አላያትም። የእኔ ጩኸት ነው ያስቆመው። ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ይሉታል ብዬ ዞሬ አየኋቸው። አስተማሪው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዝምተኛው በመስኮት ያያሉ። ሹፌሩ ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ፍሬኗ መቼም አትታማም» አሉ። በጣም ተናደድኩ። እነዚህ ሰዎች በሕይወታቸው ቀልደዋል ማለት ነው አልኩ በልቤ።

በዚያው ሰሞን ነርስ ለመሆን ኮሌጅ ጀምሬ ነበር። ከምወስዳቸው ትምህርቶች አንዱ ሶሻል ሳይኮሎጂ ነው፤ ሰው አመለካከቱን እንዴት እንደሚለውጥ፣ የማንን ቃል እንደሚሰማ፣ ሌላውን አይቶ ለምን እንደሚከተል የሚያስተምር። ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት አለች እንደሚባለው፣ እኔም መጽሐፉን ባነበብኩ ቁጥር አባቴ ላይ እሞክረው ጀመር።

መጀመሪያ ትንሽ ነገር አስፈቅድ፤ ትንሿን እሺ ያለ ሰው ትልቋንም እሺ ይላል ይላል መጽሐፉ። «አባዬ፣ ማታ ማታ አትንዳ» አልኩት። እሺ አለ። ደስ አለኝ። በሳምንቱ «ሃይዌይ አትውጣ» አልኩት። እሱንም እሺ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ዋናውን ሳመጣበት እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«ማታ አልነዳም። ሃይዌይ አልወጣም። ከእኔ የበለጠ ተጠንቃቂ ሹፌር ኦሮራ ውስጥ አለ?» አለኝ።

ትንሿ እሺ የትልቋ እምቢ ጠበቃ ሆና ተመለሰችብኝ። ቀጥዬ ላስፈራራው ብዬ የአደጋ ቪዲዮ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው በጽሞና አየና «ይሄ እኮ ወጣት ነው። የሚያጋጩት ወጣቶች ናቸው» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። ሲብስብኝ ቁልፉን ደበቅኩት። ያን ጊዜ አልተጣላኝም፤ አልፈለገውምም። ሁለት ቀን ሙሉ ከሶፋው ሳይነሳ፣ ራቱንም በቅጡ ሳይቀምስ ተቀመጠ። አንጀቴን በላውና በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ቡናው አጠገብ አስቀመጥኩለት። አንስቶ ኪሱ ከተተው። በቃ፣ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነበር።

በመጨረሻ ሰው የሚሰማው እኩያውን ነው የሚል ምዕራፍ ላይ ስደርስ በራሴ ሳቅኩ። ይህንንማ ማንም ኮሌጅ ሳይገባ ያውቀዋል፤ ሽማግሌ መላክ ማለት እኮ ነው። ግን ምን ዓይነት ሽማግሌ? የእሱ ሽማግሌዎች እነዚያው ሦስቱ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መኪናው ውስጥ በሰላም የሚያንቀላፉ፣ ፍሬኗን የሚያመሰግኑ። ቢሆንም ልሞክር ብዬ ግሌንዴል አስተማሪው ቤት ሄድኩ። ክርክር ጠብቄ ስለነበር በሐኪሙ ቃል ጀመርኩ። ገና ሳልጨርስ ተነስተው በሩን ዘጉት።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ከገባሁ ጀምሮ እስክወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጸልየው። እሱ የተኛሁ ይመስለዋል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልነገሩትም?»

«ሁለቱ ዝም ብለው እየሄዱ እኔ ብቻዬን ፈሪ ልሁን? ደግሞስ በነጻ ተሸክሞ የሚያመላልሰኝን ሰው ‹ዓይንህ አያይም› ልበለው? ነውር አይደለም?»

ከዚያ ሹፌሩ ጋ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ «ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ» አሉኝ፤ «ከአባትሽ ጋር ስሄድ እግሬ በባዶ ወለል ፍሬን ይረግጣል። ማታ ባቴን ያመኛል። ግን እንዳልናገር፣ አስተማሪው እንደዚያ ልቡን ጥሎ ሲተኛ እያየሁ ምን ብዬ?» ዝምተኛው ሰውዬማ ጭራሽ አስደነገጡኝ። እሁድ እሁድ ከመሳፈራቸው በፊት ካሊፎርኒያ ላለችው ልጃቸው እየደወሉ ይሰናበቷታል። ልጅቱ «አባቴ በጣም ይወደኛል» እያለች ለሰው ታወራለች።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለብቻዬ ስስቅ ቆየሁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን አዘንኩ። ሦስት ሰዎች አንድ መኪና ውስጥ ተጣበው ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የፈራሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው አስበዋል። አንዱ የሌላውን ዝምታ እንደ ድፍረት ቆጥሮታል። መጽሐፉ ለዚህ አንድ ገጽ የሚወስድ ስም አለው። እኛ ይሉኝታ እንለዋለን፤ ስሙን ግን እያወቅን ነው የምንገባበት።

ሦስቱም አንድ ላይ መጥተው ሊያናግሩት ተስማሙ። ቀኑን ቅዳሜ አልኩ። ሥራ የምገባው ሦስት ሰዓት ስለሆነና አባቴም በጠዋት የመውጣት ልማድ ስላለው፣ ማልደው ቢመጡ ይሻላል አልኳቸው። እንዳይደውሉለትም አደራ አልኩ፤ ከደወሉለት ምክንያት ፈጥሮ ይወጣል ብዬ ነው። ዓርብ ማታ ለአባቴ «ነገ ጠዋት የትም እንዳትወጣ» አልኩት። «ለምን?» ሲለኝ «ዝም ብለህ ቤት ቆይ» አልኩት። ቅዳሜ በማለዳ ቀሰቀስኩትና ቁርሱን በግድ አበላሁት፤ መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳይወስድ።

አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ። የትኛው አበሻ ነው ይህን የማያውቅ? ሳይደውሉ፣ በማለዳ፣ ተሰብስበው የሚመጡ ሽማግሌዎች። ከቤት እንዳትወጣ የተባለ ሰው። መጀመሪያ እህል እንዲቀምስ የተደረገ ሰው። እኔ ሳይኮሎጂ ስማር የመርዶ አረዳድን ሥርዓት አንድም ሳላጓድል አሟልቼዋለሁ።

በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። የአስተማሪው የልጅ ባል ነው ያደረሳቸው። የጥቅምት ብርድ ስለነበር ሦስቱም ነጭ ጋቢ ደርበዋል። ተራ በተራ ገቡና እንደ ወትሯቸው መሳሳቁን ትተው ቆሙ፤ የሚናገሩት ከብዷቸው ስለነበር አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩም። አባቴ ከሶፋው ብድግ አለ። አያቸው። ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ንገሩኝ» አለ። «አውቄዋለሁ። ንገሩኝ።»

አስተማሪው ሌሊቱን ሲያዘጋጁት ያደሩትን ንግግር ጀመሩ። «እንግዲህ ወንድማችን፣ ሰው ሆኖ የማይደርስበት ነገር የለም። ሁሉም ጊዜ አለው። ትናንት የነበረን ዛሬ የለንም…»

ስለ እርጅና ሊናገሩ ነው። አባቴ ግን ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ማልቀስ ጀመረ። ድምፅ አውጥቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ሹፌሩ ይህን ሲያዩ ደነገጡ፤ እነሱ ያልሰሙት እውነተኛ ሞት ያለ መሰላቸውና እሳቸውም እንባቸውን ለቀቁት። ዝምተኛው በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አስተማሪው ንግግራቸውን አቋርጠው እኔን «ምንድን ነው? ማን ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ከዚያ ገባኝ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ የአባቴን እጆች ከፊቱ ላይ አነሳኋቸው።

«ማንም አልሞተም! አባዬ፣ ማንም አልሞተም! ስለ መኪናው ነው የመጡት!»

«ማንም?»

«ማንም!»

«በእናትሽ አጥንት?»

«በእናቴ አጥንት። ማንም አልሞተም።»

ከዚያ እንዲህ ያለ እፎይታ ከሰው ደረት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ተመስገን፣ ተመስገን እያለ ተነስቶ ሦስቱንም አገላብጦ ሳማቸው። እያለቀሰ ይስቃል። እነሱም ለምን እንዳለቀሱ ሳያውቁ ይስቃሉ። ሹፌሩ «አንተ ሰውዬ ልትገድለን ነው እንዴ!» ይላሉ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል አባቴ ኪሱ ገባ፤ የኮሮላዋን ቁልፍ አውጥቶ የአስተማሪው መዳፍ ላይ አኖረው።

«ይሄን ፈልጋችሁ ነው? ውሰዱት።»

ገና ማንም አልጠየቀውም ነበር። የተዘጋጀው ንግግር፣ የእኔ ማስረጃ፣ የእነሱ ልመና፣ ሁሉም ሳይነገር ቀረ። ሻይ ጠጥተው፣ ዳቦ በልተው፣ እንደ ሠርገኛ እየተሳሳቁ ሄዱ።

ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ዋለ። እፎይ ብያለሁ፤ ቁልፉ ከእጁ ወጥቷል፤ ያቺ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ኮልፋክስን በሰላም ትሻገራለች። ግን አፍሬያለሁ። ሰው ክፉኛ ደንግጦ ወዲያው እፎይ ሲል የጠየቁትን ሁሉ ይሰጣል፤ ይህንንም አንብቤዋለሁ። እኔ ያሳመንኩት በምክንያት አይደለም። የታመመች ታላቅ እህቱ ደሴ አለች፤ እሷ የሞተች መስሎት እንዲያለቅስ አድርጌ፣ በሰጠሁት ፍርሃት ቁልፉን ነጠቅኩት። ደግሞ ድንጋጤው ሲበርድለት ነገ ጠዋት ቁልፌን አምጡ ቢለኝስ? ማታ ቤት ስገባ ወዲያው ደሴ ደወልኩለት፣ ድምጿን ሰምቶ እንዲረጋጋ። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያወራት «ደህና ነሽ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና እደሪ» ብሎ ዘጋው። ገረመኝ።

እሁድ አራቱንም በእኔ መኪና ቤተ ክርስቲያን ወስጄ መለስኳቸው። ሽማግሌዎቹን ካወረድን በኋላ አባቴ «ወደ ቤት አትታጠፊ። ልምራሽ፤ አንድ ቦታ ውሰጂኝ» አለኝ። ከኮልፋክስ ጀርባ ወዳለች ጠባብ መንገድ መራኝ።

«እዚህ ጋ ፓርክ አድርጊ» አለ። ሞተሩን አጠፋሁ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው የነገረኝ።

ሐሙስ ቀን፣ እኔ ሥራ ሆኜ፣ ብቻውን በዚህ መንገድ ሲነዳ በቀኝ በኩል አንድ ነገር ጓ አለ። አላየውም። ወደ ኋላ ሊያይ ቢሞክርም የቀኙ ስፖኪዮ በግጭቱ ታጥፎ ስለነበር ምንም አልታየውም። ሊቆም አሰበ፤ እግሩ ግን ነዳጅ ላይ ቀረ። ቤት ገባ። ሐሙስም ዓርብም ማታ እኔ ስተኛ የማይገባውን የእንግሊዝኛ ዜና ሲያይ አመሸ። የተጋደመ ሰው ይኖር እንደሆነ ሥዕሉ ላይ እየፈለገ ነበር።

«ቅዳሜ ሲመጡ እህቴን አላሰብኩም» አለኝ። «የገጨሁት ሰው ሞቶ ሊነግሩኝ የመጡ መሰለኝ።»

ወረድን። ከቤቶቹ አንዱ በር ላይ አንዲት ሴትዮ ቅጠል ትጠርጋለች። ሐሙስ ዕለት እዚህ የተመታ ነገር ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችና ወደ ግድግዳዋ ጠቆመችኝ፤ ክዳኑ የተሰበረ የቆሻሻ በርሜል ቆሟል። ጎኑ ላይ ብርማ ቀለም ቀርቶበታል። ቆሻሻ የሚወስደው መኪና ነው ብላ አስባ ነበር። ተናዘዝኩላት፤ ይቅርታም ጠየቅኩ። ችግር የለም፣ ክዳኑ ድሮም አይገጥምም አለችኝ።

«ሰው አልነበረም ወይ በያት» አለኝ አባቴ። ጠየቅኳት። አልነበረም። «አጠገቡስ? ልጅ?» አለኝ። አልነበረም። «እንደገና ጠይቂያት።» ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ሴትዮዋ መጥረጊያዋን አስቀምጣ መጣች፤ አባቴን ዓይን ዓይኑን እያየች ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀችለት። ገባው። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀልሎኝ የተቀመጥኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን ነገር ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ መንዳቱ ያስፈራህ ነበር?»

«ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ» አለኝ። «ሞተር ሳስነሳ እጄ ይቀዘቅዛል።»

«ታዲያ ስንት ጊዜ ተው ስልህ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ስትነግሪኝ ነበር እንጂ መች ጠየቅሽኝ? ደግሞስ እነሱን ምን ላድርጋቸው? ሦስቱም በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁኝ። አንድ ቀን እንኳ ‹ቀስ በል› ያለኝ የለም። እንደዚያ አምነውኝ እያየሁ ፈራሁ ብዬ ቤታቸው ላስቀራቸው?»

ሽማግሌዎቹ የነገሩኝን ለእሱ ላለመናገር ቃል ገብቼ ነበር። አልቻልኩም።

«ፈርተው ነበር፣ አባዬ። ሦስቱም። አንተን እንዳያስቀይሙህ ብለው ነው የሚሳፈሩት።»

ዞሮ አየኝ። ሊያለቅስ ነው ስል ሳቁ መጣበት። ጎኑን ይዞ፣ እንባው እየወረደ ሳቀ። ሴትዮዋ ምን ሆነ ብላ ቀና አለች።

«ታዲያ» አለኝ ትንፋሹን ሲያገኝ፣ «አራታችንም እየፈራን፣ ያን ሁሉ ጊዜ ማንን ደስ ይበለው ብለን ነው የሄድነው?»

ክንዱን ይዤ አስነሳሁትና ወደ መኪናዬ ሄድን።